ከጡንቻዬ ጋር የተቀዳው የመብራት ድምፅ

መጀመሪያ እምቢ ያሉኝ ጣቶቼ ናቸው። ሥራዬ ጸጉር መሥራት ነው። እንጅባራ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ኮሶበር በምንላት ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ የጸጉር ቤት አለችኝ። ጠዋት ሹሩባ ስሠራ ጣቶቼ እንደ ወትሯቸው ይሮጣሉ። ከምሳ በኋላ ግን የአንዷን ሴት ግማሽ ራስ ሠርቼ ወደ ቀረው ስሻገር ጉንጉኑ እየላላ፣ ጸጉሩ ከጣቴ እየሾለከ ይወጣ ጀመር። አያመኝም፣ አያቃጥለኝም፣ አይደነዝዘኝም። ዝም ብሎ ጉልበት ያጣል። ትንሽ ቁጭ ካልኩ ይመለሳል፤ ስጀምር ደግሞ ይከዳኛል።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ጉልበቱ ሳያመው እየከዳው፣ ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው አጥቶ ቤቱ የተቀመጠ ካለ እንዲያነበው ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው የነገሩኝንና በራሴ ላይ ያየሁትን ብቻ ነው።

ከጸጉር ቤቴ ጎን ዘይነባ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። ጣቶቼን ሳሻሽ አይታኝ፣ "ብርዱ ነው፣ የኮሶበር ብርድ ማንን ማረ? ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪያቸው" አለችኝ። ነከርኳቸው። ጭራሽ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሱ። በዚህ ሕመም ሙቀት ድካሙን እንደሚያባብስና ቅዝቃዜ እንደሚያስታግስ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ቀጥሎ ድምፄ ተለወጠ። ጠዋት ደህና ነው፤ ወደ ማታ በአፍንጫዬ የምናገር እመስላለሁ። ደንበኞቼ "አለቀስሽ እንዴ?" ይሉኛል። ከዚያ ማኘክ አቃተኝ። እንጀራውን ግማሽ ድረስ በልቼ አገጬን በእጄ ደግፌ ካላኘክሁ መንጋጋዬ አይዘጋም። ውሃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ይወጣ ጀመር። ሰው ፊት መብላት ያቆምኩት ያን ጊዜ ነው። ሠርግም ሆነ ማኅበር ስጠራ ጾም ላይ ነኝ፣ ሆዴን አሞኛል እያልኩ ቀረሁ። ሰው ደግሞ ጥቂት ጊዜ ከቀረህበት መጥራቱን ይተዋል።

ያልሄድኩበት ክሊኒክ የለም። አንዱ ጉልበቴንና ክርኔን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። ሌላው ሪህ ነው አለኝ። ሦስተኛው ያልኩትን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ "ትዳር አለዎት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ተፋተናል።"

"ልጅስ?"

"የለኝም።"

"ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?"

"ብቻዬን።"

"እንግዲያውስ ጭንቀት ነው" አለና የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈልኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልበቴ ሲከዳኝ ብቸኝነቴ ራሱ የበሽታ ስም የተሰጠው ይመስለኝ ጀመር። ኪኒኑን ስውጠው ደግሞ የባሰ ደከምኩ።

ታላቅ እህቴ እናኑ ዳንግላ ነው የምትኖረው። መታመሜን ስትሰማ መጥታ ፀበል ወሰደችኝ። እዚያ በሰነበትንበት ጊዜ ሥራ አልሠራ፣ ብዙ አላወራ፣ ተኝቼ ብቻ ስለከረምኩ ጉልበቴ መለስ አለ። እናኑ ደስ ብሏት እንባዋ መጣ። እኔም ድኛለሁ ብዬ ሱቄን ከፈትኩ፤ የመጀመሪያዋን ደንበኛ ሳልጨርስ ጣቶቼ ተመልሰው ወደቁ። ይህን ለእናኑ ልነግራት አልቻልኩም። ያን ደስታዋን አይቻለሁና። ስትደውል "ደህና ነኝ" እላለሁ።

"ድምፅሽስ? አሁንም በአፍንጫሽ ነው የምታወሪው።"

"ጉንፋን ይዞኛል።"

"ጉንፋን ነው ይሄን ያህል የሚያሳጥርሽ? ሁለት ቃል ብለሽ ትዘጊያለሽ።"

የማሳጥረው ምላሴ ስለሚደክም ነበር። እሷ የተቀየምኳት መሰላት፤ ከዚያ በኋላ የምትደውልልኝም እየቀነሰ ሄደ።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም "ባሕር ዳር ሄደው የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ይሠሩ" አለኝ። ኢኤምጂ ይሉታል። ጡንቻ ሲሠራ በውስጡ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎችና በቀጭን መርፌ ያንን ኤሌክትሪክ እየቀዱ በስክሪን ያዩታል፣ በድምፅ ማጉያም ይሰሙታል።

የሄድኩበትን ክሊኒክ ስም አልጠራም። ብቻዬን ነበርኩ። ተራ መጠበቂያው ክፍል በሰው ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ በሽተኛ አጠገብ ቦርሳ የሚይዝለት፣ ውሃ የሚያቀብለው አንድ ሰው አለ። እኔ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሜ እስኪጠራ ቆየሁ። ጠዋት ተነስቼ የደረስኩ ሰው ከቀኑ አጋማሽ በኋላ ገባሁ።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ማሽኑ፣ ኮምፒዩተሩ፣ የውሃ ማፍያው፣ የሰው ስልክ ቻርጀር ሁሉ ከአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ተሰክተዋል። መብራት ስለሄደ ውጭ ጀነሬተር ይጮኻል። ከራሴ በላይ አንድ ረጅም አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። መርፌው ክንዴ ውስጥ ሲገባ ድምፅ ማጉያው ውስጥ አንድ የማያቋርጥ ግርርርታ ተነሳ፤ ስክሪኑም ዳር እስከ ዳር በወፍራም የሚንቀጠቀጥ መስመር ተሞላ። እጄን ብዘረጋም ብሰበስብም ድምፁ አልተለወጠም። የሚመረምረኝ ሰው ከአንዱ ጡንቻ ወደ ሌላው እየተሻገረ ሲወጋኝ ያው ነው። ደጅ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ቸኩሎ ነበር።

ውጤቱን የነገሩኝ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"አስታማሚ አብሮዎት የለም?"

"የለም። ለኔው ይንገሩኝ።"

"ጡንቻዎ እርስዎ ሳያዙት በራሱ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ይታያል" አሉ። "ከድምፅዎና ከመዋጥ ችግርዎ ጋር ሳየው ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ያሉ ይመስለኛል። ይህ በሽታ የሚያድን መድኃኒት የለውም። እየቆየ ወደ መተንፈሻ ይሄዳል። ቤተሰብዎ ቢያውቅና ነገርዎን ቢያመቻቹ ጥሩ ነው።"

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። አላለቀስኩም። ወደ እንጅባራ በሚመለሰው ሚኒባስ የመስኮቱ ዳር ደረሰኝ። ዳንግላ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመን ነበር፤ የእናኑ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። ልውረድ ብዬ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አሰብኩ። ረዳቱ "የሚወርድ አለ?" ሲል ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት እንዴት እንደምጽፋቸው አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። የጸጉር ቤቴን በር ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ሰው ሲመጣ ዛሬ አልሠራም እላለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ በእጄ ይዤ፣ የሰው ጨዋታ እየሰማሁ የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን የሚነካኝም የምነካውም ጠፋ። ገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡት የድሮ ደንበኞቼ በአዊኛ እየተጫወቱ በደጄ ያልፋሉ፤ ድምፃቸውን እለያቸዋለሁ፤ እነሱ ግን ሌላ ቤት ለምደዋል። ማታ ስተኛ ትንፋሼን እየቆጠርኩ አዳምጣለሁ፤ ዛሬ ከትናንት አጠረ ወይ እያልኩ። ትንሽ ሲያጥረኝ ጀመረ እላለሁ። ሲነጋ ደግሞ ጉልበቴ መለስ ብሎ አገኘዋለሁና ግራ ይገባኛል። የሚሞት ነርቭ እንዴት ጠዋት ጠዋት ይነሳል? የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ዘይነባ አንድ ነገር ጠርጥራለች። አትጠይቀኝም፤ ግን በየቀኑ ቀጠን ያለ አጥሚት በቴርሞስ ታመጣልኛለች። "ለልጆቹ ስሠራ ተርፎ ነው" ትላለች። ልጆቿ አድገው ከቤት ወጥተዋል። ጠዋት ጠዋት፣ ጉሮሮዬ ደህና በሆነበት ሰዓት ታመጣልኝ እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

በክረምቱ መጨረሻ አተኮሰኝ። ክሊኒክ ደም ሰጥቼ ታይፎይድ ነው ተባልኩና ሲፕሮ የሚባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ታዘዘልኝ። መውሰድ ከጀመርኩ ብዙ ሳልቆይ አንገቴ ራሴን መሸከም አቃተው። የግራ ዓይኔ ሽፋን ወርዶ ቀረ። ምራቄን መዋጥ ተሳነኝ። አበቃ አልኩ። ዘይነባ አጥሚቱን ይዛ ስትመጣ አግኝታኝ ነው ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ያደረሰችኝ። ወደ እናኑ ልትደውል ሞከረች፤ በዚያ ሰሞን ኔትወርክ አልነበረም፤ የዳንግላው መንገድም ተዘግቶ ነበር።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነበር። ከሁሉ በፊት የትኛውን መድኃኒት እንደወሰድኩ ጠየቀና ሲፕሮውን አስቆመ። ከዚያ ጣቱን ከፍ አድርጎ፣ "ዓይንዎን ሳይነቅሉ ይህን ይመልከቱ" አለኝ። ስመለከት ደህና የነበረው ዓይኔም ቀስ እያለ ወረደ። አየት አደረገኝና ነርሷን በረዶ አስመጣ። በጓንት ጠቅልሎ የተዘጋው ዓይኔ ላይ አስቀመጠው። ጥቂት ቆይቶ ሲያነሳው ዘይነባ ከጀርባው፣ "ተከፈተ፣ ዓይኗ ተከፈተ" አለች።

"ከዚህ በፊት ምን ተብለው ነበር?" አለኝ።

ዘይነባን፣ እንዳትሰማ ብዬ፣ ውሃ እንድታመጣልኝ ላክኋት። በአፌ ማለት አልቻልኩም፤ ከቦርሳዬ የባሕር ዳሩን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበው፣ ገለበጠው፣ ደግሞ አነበበው።

"ይህ በሽታ ዓይንን እንዲህ አይዘጋም" አለ። "በበረዶም አይከፈትም። እኔ የነርቭ ስፔሻሊስት አይደለሁም፣ ተስፋም ልሰጥዎት አልፈልግም። ግን ይህ ምርመራ መደገም አለበት።"

ሆስፒታል ሰንብቼ መዋጥ ስጀምር ሪፈር ጻፈልኝና ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። ዘይነባ ሱቋን ዘግታ ልትመጣ ፈልጋ ነበር፤ እምቢ አልኳት። የምሰማውን ብቻዬን መስማት ለምጄ ነበር።

እዚያም መጠበቂያው ያው ነው። አንድ ከወለጋ የመጡ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው፣ "ከማን ጋር መጣሽ ልጄ?" አሉኝ። "ብቻዬን" ስላቸው፣ "እንግዲያው እኔና ልጄ አለን፣ ሽንት ቤት ብትሄጂ ተራሽን እንይዝልሻለን" አሉ። ሌላ አላወራንም። ግን እስክገባ ድረስ ሰው አብሮኝ እንዳለ ሆኖ ተሰማኝ።

የነርቭ ሐኪሟ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ እጄን ያዙ። "ቀዝቅዟል፤ በብርድ እጅ ይህ ምርመራ አይሠራም፣ በሽታውን ይደብቅብኛል" ብለው ሙቅ ውሃ የያዘ ከረጢት አስታቀፉኝ። ደግሞ ቆዳዬን አሹ አሹ አደረጉና፣ "ቫዝሊን ተቀብተሻል?" አሉኝ።

"ያገሬ ብርድ ቆዳ ይሰነጥቃል።"

"ወዝ ካለ ሽቦው ከቆዳሽ ጋር በደንብ አይገናኝም።" በአልኮል ጠረጉኝ፣ በሻካራ ጨርቅም ቀላ እስኪል ፈተጉት። ከዚያ ሽቦዎቹን ለጣጠፉና ማሽኑን ከፈቱ።

ግርርርታው ተነሳ። ያው ድምፅ ነው። ስክሪኑ ላይ ያው ወፍራም መስመር ተንጋለለ። የባሕር ዳሩን ቃል ደግመው ሊነግሩኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሐኪሟ ግን "ይሄ ያንቺ አይደለም" አሉ።

"የማን ነው?"

"የመብራት። በቤቱ ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይመላለሳል። ሰውነትሽ እንደ አንቴና ይቀበለዋል። የጡንቻሽ ድምፅ ከሱ ጋር ሲወዳደር ሹክሹክታ ነው። እሱን ዝም ሳናሰኝ አንቺን መስማት አንችልም።"

ከዚያ ያደረጉትን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። የራስጌውን አምፖል አስጠፉ፤ መስመሩ ትንሽ ቀጠነ። በኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ የሚለውን አልጋ ከሶኬቱ ነቀሉት። ነርሷ የሰካችውን የስልክ ቻርጀር አስነቀሉ፤ የኔንም ስልክ ከጡት መያዣዬ አስወጥተው ውጭ እንዲቀመጥ አደረጉ። ከአልጋው ሥር የሚያልፈውን ኤክስቴንሽን አራቁት። ተንዘርፍፈው የነበሩትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ገመዱና፣ "ተራርቀው ሲሆኑ ብዙ ጩኸት ይሰበስባሉ" አሉ። እኔ ከማውቀው የሹሩባ ጉንጉን ብዙ አይለይም ነበር። ክንዴ ላይ ካሉት ተለጣፊዎች አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዳሩ ተነስቷል። "ይሄ የመሬት ሽቦ ነው፤ ትርፉን ኤሌክትሪክ ማስወገጃ። እሱ ከላላ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው" ብለው በአዲስ ቀየሩት።

ልክ እንደለጠፉት ግርርርታው ጠፋ። ክፍሉ በመስኮት ብርሃን ብቻ ቀረ። ስክሪኑ ላይ ግን አሁንም ያልተስተካከለ፣ ቆርጠም ቆርጠም የሚል ትንሽ ንቅናቄ አለ።

"ይሄኛው ያንቺ ነው" አሉ። "ክንድሽን ወጥረሽ ይዘሽዋል። ልቀቂው።"

ለቅቄዋለሁ አልኩ። አልለቀቅሁትም።

"ምን ፈርተሽ ነው?"

ያን ጊዜ ነው በአፌ ያልኩት። "እንደምሞት ነግረውኛል" አልኩ። ድምፄ በአፍንጫዬ እየወጣ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ፣ ባሕር ዳር የተባልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። እህቴ እንደማታውቅ ነገርኳቸው። ማሽኑን ትተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ነርሷ እንባዬን ጠረገችልኝ፤ እጄ በሽቦ ታስሮ ነበርና።

ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ። ቆይተው፣ "እዚህ ላይ የተቀዳው አብዛኛው የመብራት ድምፅ ነው" አሉ። "በጡንቻ መንቀጥቀጥ ተተርጉሟል። መብራት እየሄደ እየመጣ ነው የምንሠራው፤ ሰው ይበዛል፣ እንቸኩላለን። እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ተሳስቻለሁ። ትሞቻለሽ ለማለት ይሄ ወረቀት አይበቃም። ድነሻል ደግሞ አልልሽም። መጀመሪያ እንስማው።"

በረጅሙ ተነፈስኩ። ክንዴ ላላ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ቀረ፤ ድምፅ ማጉያውም ጸጥ አለ። መርፌው ሲገባም ጸጥታው አልተበጠሰም። የሚንቀጠቀጥ ጡንቻ አልነበረኝም።

ከዚያ አንጓዬ ላይ ያለውን ነርቭ ተራ በተራ በትንሽ ኤሌክትሪክ ነዘሩት። አውራ ጣቴ በራሱ ዘለለ። "እዪው" አሉኝ። የመጀመሪያው ንዝረት ስክሪኑ ላይ ረጅም ቁልል ሠራ። ሁለተኛው አጠረ። ሦስተኛው የባሰ አጠረ፤ አራተኛውም እንዲሁ። አሳርፈውኝ ደገሙት፤ የመጀመሪያው ቁልል ወደ ቀድሞ ቁመቱ ተመልሶ፣ ተከታዮቹ እንደገና እያጠሩ ሄዱ። እዚያ ስክሪን ላይ የማየው ከሰዓት በኋላ የሚዝሉትን ጣቶቼን ነበር።

"ነርቭሽ አልሞተም" አሉ ሐኪሟ። "መልእክቱን ይልካል። ጡንቻሽም ደህና ነው። ችግሩ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፤ የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ በስህተት የጡንቻውን መቀበያ ያጠቃዋል። መጀመሪያ ትሠሪያለሽ፣ ስትደጋግሚ ይደክማል፣ ስታርፊ ይመለሳል። ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። መድኃኒት አለው።"

"መድኃኒት አለው?" አልኩ።

"አለው። ዕድሜ ልክሽን ልትወስጂው ትችያለሽ። ደግሞ ያ የሰጡሽ ሲፕሮ ይህን በሽታ ያባብሳል፤ ወደፊት ለማንም ሐኪም አስቀድመሽ በሽታሽን ሳትነግሪ መድኃኒት እንዳትወስጂ።"

የመጀመሪያውን ኪኒን እዚያው ዋጥኩ፤ ፒሪዶስቲግሚን ይባላል። ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ልጠብቅ ተባልኩ። አዛውንቱና ልጃቸው ሄደዋል። ሆዴን ቆረጥ ቆረጥ አደረገኝ፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ብለውኝ ነበር። ከዚያ ሳላስበው የግራ ዓይኔ ሽፋን ቀለለኝ። ከቦርሳዬ ውሃ አወጣሁና ጠጣሁ። ቀጥ ብሎ ወረደ። ደግሜ ጠጣሁ። ጠርሙሱን ጨረስኩት።

ስልኬን ከፈትኩና እናኑ ጋ ደወልኩ። ያን ቀን ኔትወርክ ነበረ።

"እትዬ" አልኳት።

"ማን ልበል?"

"እኔ ነኝ።"

"ይሄ የእህቴ ስልክ ነው። አንቺ ማነሽ? ይታይሽ የት ናት? ምን ሆነችብኝ?"

ድምፄን አላወቀችውም። ስንት ጊዜ በአፍንጫዬ ሳወራት ኖሬ እንደ ሰው መናገሬ ሌላ ሰው አስመሰለኝ።

"እናኑ፣ እኔው ነኝ። ይታይሽ ነኝ። ድምፄ ተመልሶ ነው።"

ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም መናገር እስክትችል ጠበቅሁና ሁሉንም ነገርኳት። ባሕር ዳር የተባልኩትን ስነግራት አቋረጠችኝ።

"ያን ሲነግሩሽ ማን ነበር አብሮሽ?"

"ማንም።"

"እሺ ከዚያ ወዲህስ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ለማን ተናገርሽ?"

"ለማንም።"

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ስልኩን ግን አልዘጋችውም። የግቢዋ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር።

ደረቴንም በሲቲ ስካን አዩኝ፤ ከዚህ በሽታ ጋር የሚያያዝ እጢ ደረት ውስጥ ሊያድግ ይችላልና። የኔ ንጹሕ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ሌላ ኪኒን ተጨመረልኝ፤ ፊቴን አሳብጦኛል። አልዳንኩም፣ ግን እኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በሬን ዘግቼ ጋደም እላለሁ። ያኔ ወደ ሌላ ቤት ከሄዱት ደንበኞቼ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። አንዳንድ ሰው የሚተላለፍ በሽታ መስሎት ዛሬም እጄን አይጨብጥም። ያ ብቻዬን የኖርኩት ጊዜም ከላዬ አልወረደም፤ ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ አጠገባቸው ቆሜ ሩቅ የምሆንበት ጊዜ አለ።

እንደ እኔ ላለ ሰው የምለው ይህን ነው። ከባድ ነገር በምርመራ ከተነገረህ ምርመራው እንዴት እንደተሠራ ጠይቅ፤ ይደገምልኝ በል። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ሰው በሚጋፋበት ክፍል ማሽንም የሌላ ድምፅ ሰምቶ ያንተ ነው ሊል ይችላል። ሐኪሙም አይቀየምህም፤ ከተቀየመም ይቀየም። ውጤት ልትሰማ ስትሄድ ደግሞ አንድ ሰው ይዘህ ሂድ።

አሁን ለክትትል አዲስ አበባ ስሄድ እናኑ ከዳንግላ በሌሊት ተነስታ እንጅባራ መናኸሪያ ላይ ታገኘኛለች። ዘይነባ አጥሚቱን ቴርሞስ ሞልታ ትሰጣታለች። እናኑ አጠገቤ ትቀመጥና እስከ ደብረ ማርቆስ ስለ ድንቿ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ስለ ልጇ ሚስት ታወራልኛለች። ድሮ ወሬ ስታበዛ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ድምፄ እስኪደክም እመልስላታለሁ፤ ሲደክመኝም ታውቀዋለችና ወሬዋን ሳታቋርጥ ራሴን ወደ ትከሻዋ ታስጠጋዋለች።